ሳይጣድ የሚፈላው

ወይዘሮ ብዙአየሁ ክዳኑን የከፈቱት በቅን ልቦና ነው። ትናንት አመሻሹ ላይ የተከራያቸውን ክፍል ሊጠርጉ ሲገቡ፣ ያ ሆዱ ሰፊ አንገቱ ጠባብ የሆነ የብረት ዕቃ በክዳኑ ዙሪያ ነጭ ጭስ ሲያተን አገኙት። ጆሯቸውን ቢያስጠጉ ውስጡ ይንሾካሾካል። ተከራያቸው ሙጀሂድ፣ የወረዳው ላም አዳቃይ፣ ዕቃው የሚሞላበትን ፈሳሽ ናይትሮጅን ሊያመጣ ደሴ እንደሄደ መንገድ ተበላሽቶበት ቀርቷል። እንግዲህ የፈላ ነገር ሊገነፍል ሲል ምን ይደረጋል? ክዳኑ ይነሳለታል። ወተትም ይሁን ሽሮ ሥራው ያው ነው። አነሱለትና "በል እስኪ ተንፍስ" ብለው በሩን ዘግተው ወጡ። ጠዋት ቢመለሱ ጭሱ መብረዱ ቀርቶ እንደ ጉም ወለሉ ላይ ተኝቶ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ ጓዳቸው ደርሷል። እሳት የለ፣ ከሰል የለ፣ ምድጃ የለ። ወይዘሮዋ አማተቡና ባጃጅ ጠሩ።

ባጃጁ የቆመው አቶ አራጌ ደጃፍ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ የዚያን ዕቃ ጠባይ የሚያውቅ ሰው ከተፈለገ ከሳቸው ቤት ሌላ የሚኬድበት የለም፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቦረና ወረዳን ላሞች ሲያዳቅሉ የኖሩት እሳቸው ናቸው። "እንኩ ጉዳችሁን!" አሉ ወይዘሮ ብዙአየሁ ከባጃጁ ሳይወርዱ። "ሳይጣድ የሚፈላ ነገር እኔ ቤት አያድርም። ልጁ ሲመጣ ከዚህ ይውሰድ።" ክዳኑን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው በር ለከፈተችላቸው ለሰብሌ አቀበሏትና በመጡበት ተመለሱ። ሰብሌ የአቶ አራጌ የመጨረሻ ልጅ ናት። ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋን ዘግታ የመጣችው አባቷን ለዓይን ሕክምና ይዛ ለመሄድ ነው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪሙ ቀላል ነው ብሏል፣ ወረፋው ተይዟል፣ የሚያርፉበት ክፍል ተነጥፏል፤ አቶ አራጌ ግን በጠየቀቻቸው ቁጥር "ይቺን ሳምንት ልያት" ይላሉ። ማየት ለተሳነው ሰው ጥሩ መልስ ነው። ሰብሌ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቆየት ብላ ተናደደች፣ አሁን መጠየቁን ትታለች።

አቶ አራጌ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የወይዘሮዋን ጩኸት አልሰሙትም ወይም ንቀውታል፤ ዕቃው መሬት ሲነካ ግን ቀና አሉ። "ጋኑ ነው?" አሉ። በዚያ ቤት ስሙ ጋኑ ነው። "ክዳኑን ግጠሚው። ጥብቅ አታድርጊው፣ መተንፈሻ ይፈልጋል።" በእጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ መጥተው ተንበረከኩ፤ ጉንጫቸውን የዕቃው ሆድ ላይ አስደግፈው አዳመጡ። ሰብሌ የአባቷ ፊት እንዲህ ሲበራ ካየች ቆይታለች። "አለ፣ አለ" አሉ በሹክሹክታ። "ከሥሩ ነው የሚያወራው። ትንሽ ቀርቶታል።" ሚስታቸው ወይዘሮ ይርገዱ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ከጓዳ ብቅ አሉ። "ደግሞ መጣብኝ?" አሉ፤ አባባላቸው ግን እንደ ምሬት አልነበረም። "እስከ ቀትር ቢቆይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውስጡ ያለው የኮርማ ዘር ሁሉ የሞተ ነው" አሏቸው አቶ አራጌ።

ሰብሌ ልጅነቷን ስታስብ ሁልጊዜ አንድ የሚፈላ ነገር ያለበት ቤት ነው የሚታያት። ጋኑ የሚቀመጠው በአልጋው ራስጌና በቁም ሳጥኑ መካከል ነበር። እንግዳ ሲመጣ ነጠላ ይጣልበታል፤ እንግዳው ሲሄድ ይገለጣል። ያለ እሳት እንዴት እንደሚፈላ ብትጠይቃቸው አቶ አራጌ "ለናይትሮጅን የመካነ ሰላም ውርጭ ራሱ ፍም እሳት ነው" ብለዋት ነበር። የጥቅምት ብርድ ጣት በሚቆርጥበት ጠዋት፣ እነሱ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ሲንቀጠቀጡ፣ ያ ዕቃ የክፍሉ ሙቀት በዝቶበት ይፈላል። ይሄ ነገር በጣም ያስቃት ነበር። ከደሴ ናይትሮጅን መጥቶ ሲገለበጥ ደግሞ በዓል ነው። የተንጠባጠበው ሲሚንቶው ላይ አይፈስም፣ አያርስም፤ ዶቃ ዶቃ ሆኖ ይሮጣል። ሰብሌና ወንድሞቿ በሆዳቸው ተኝተው ከአልጋው ሥር ያሳድዱታል። "ወለሉ ፈጅቷቸው ነው የሚሮጡት፤ በገዛ እንፋሎታቸው ላይ ተቀምጠው ነው" ይሉ ነበር አቶ አራጌ። ወይዘሮ ይርገዱ በበኩላቸው "ልጆቼን በብርድ ልታቃጥልልኝ ነው!" እያሉ በመጥረጊያ ያባርሯቸዋል። ዶቃዎቹ ግድግዳው ጋ ደርሰው ይጠፋሉ፤ የነበሩበት ቦታ እንኳ አይረጥብም። ጋኑ ለመሥሪያ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በቦታው የውሃ ጀሪካን ተቀምጧል። ጀሪካን ደግሞ አያወራም። ሰብሌ ያን ጥግ ባየችው ቁጥር ሆድ ይብሳታል።

የማይናፍቃት አንድ ነገር ቢኖር ስሙ ነበር። ገበሬው አቶ አራጌን በስማቸው አይጠራቸውም፤ "ኮርማው" ነው የሚላቸው። ኮርማው በሞተር መጣ፣ ኮርማው ቦርሳውን ረሳ፣ ኮርማው ዛሬ ጾም ነው አለ። ሰውየው በዚህ ከልባቸው ይስቁ ነበር። "አቤት!" ይሉ ነበር፣ ከመንገዱ ማዶ እንኳ ቢጠሩ። ከተማ ውስጥ ግን ስሙ ወደ ትምህርት ቤት ገባ፤ ሰብሌ ክፍል ስትገባ ከኋላ ወንበር አንዱ "እምቧ!" ይላል፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ደሴ የሄደችው ሥራ ፍለጋ ነው ይባላል፤ ውሸት አይደለም። ግን ማንም "የኮርማው ልጅ" በማይላት ከተማ መኖርም አንድ እረፍት ነበር።

ጋኑ በቅጡ ሳይቀመጥ አስያ እያለከለከች ደረሰች። አስያ የሰብሌ አብሮ አደግ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን በአንዲት ላም ወተት የምታሳድግ ሴት። "አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንዴት አደራችሁ? ጋሼ አራጌ፣ ደህና ነዎት? ሙጀሂድን ፍለጋ ሄጄ ዕቃው እናንተ ጋ ነው አሉኝ።" ሰላምታውን እንደ ወግ ሳትጨርሰው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ላሟ ዳማ ከትናንት ማታ ጀምሮ እያገሳች ኮርማ ፈልጋለች። እስከ ዛሬ በተደጋጋሚ ተዳቅላ አልያዘላትም፤ ወተቷም ነጥፏል። ወንድሟ "መካን ላም ሣር ከማብላት ሥጋዋን መሸጥ ይሻላል" ብሎ ባለ ሉካንዳ አነጋግሯል፤ ሰውየው ነገ ጠዋት ገመድ ይዞ ይመጣል። "ዛሬ ከተዳቀለች ግን ወንድሜ እስኪታወቅ ልጠብቅሽ ብሎኛል። ዛሬ ካለፈች አለቀ። ኮርማ እንዳላስጠቃት በሰፈሩ አንድም የቀረ የለም። ያ ረቢ፣ ምን ላድርግ?" ዳማ የማን ዘር እንደሆነች አቶ አራጌ ያውቃሉ። ቅድመ አያቷን ያዳቀሉት እሳቸው ናቸው፤ በዚህ ሰፈር የመጀመሪያዋ የፈረንጅ ኮርማ፣ የጀርሲ ዲቃላ የተወለደችው በአስያ እናት ጋጣ ነው። የሰብሌ ጥርስ የበቀለው በዚያች ላም ወተት ነው ማለት ይቻላል።

"እኔ የላሟን ውስጥ በእጄ ነው የማየው፤ ለሱ ዓይን አያስፈልገኝም" አሉ አቶ አራጌ በመጨረሻ። "ግን ከጋኑ ውስጥ ዘሩን የሚያወጣልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ዘሩ ያለባት ያቺ ቀጭን ቱቦ ከአንገቱ በላይ ትንሽ ከቆየች ሞተች። በጭስ ውስጥ አይቶ የሚያነሳ፣ እጁ የማይቸኩል።" ስም አልጠሩም። ወይዘሮ ይርገዱ ጓዳ ገቡ። አስያ መሬት መሬት አየች። ሰብሌ ከልጅነቷ ጀምሮ ያን ዕቃ ከፍታ አታውቅም፤ የአባቷን ሥራ ከሩቅ ስታየው ኖራለች እንጂ ነክታው አታውቅም። እጇን አየችው። መርፌ ላይ ክር የሚያሾልክ እጅ ነው፤ ሌላ ሙያ የለውም። "እኔ አወጣዋለሁ" አለች። አባቷ ብድግ ብለው ቦርሳቸውን ከተሰቀለበት ግድግዳ ዳብሰው አወረዱ። ቦርሳው ተጠርጎ፣ የማዳቀያው ዘንግ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ረጅሙ የላስቲክ ጓንት በልኩ ታጥፎ ተቀምጧል። ጡረታ የወጣ ሰው ቦርሳ አይመስልም።

በባጃጅ ሄዱ። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በአህያና በበቅሎ ተጨናንቋል፤ ከከላላ በኩል የመጡት ገና ጭነታቸውን አላወረዱም። ባጃጅ ነጂው የቤንዚን ዋጋ እያማረረ ከአምናው እጥፍ ጠየቃቸው፤ ማንም አልተከራከረውም። አቶ አራጌ ጋኑን በጉልበታቸው መካከል አጥብቀው ይዘው፣ መንኮራኩሩ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጆሯቸውን ወደ ክዳኑ ዝቅ እያደረጉ "አለ፣ ገና አለ" ይላሉ። ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ሲደርሱ ኪዳን ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወደ በሩ ወጣ። "ኮርማው! ኧረ ኮርማው! ዛሬም ሥራ አለ?" ድምፁ ገበያውን ያቋርጣል። የሰብሌ ፊት እንደ ልጅነቷ ጋለ። አባቷ ግን ዓይናቸውን እንኳ አላንቀሳቀሱም። ኪዳን ደጋገመው፤ እሳቸው ወደፊት እንዳዩ ናቸው። ሰብሌ ደነገጠች። ዓይን ሲሄድ ጆሮም ተከትሎ ሊሄድ ነው ማለት ነው? ደሴ ላይ የጆሮ ሐኪም ማን እንዳለ ማሰብ ጀመረች። ቤት ኪራይ፣ ሐኪም፣ መድኃኒት፣ መመላለሻ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ራሷ ላይ ተከመረ።

የአስያ ቤት ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ እሷና ልጆቿ ያድራሉ፤ ሌላው የዳማ ነው፤ የዳማ ክፍል ይሰፋል። ግድግዳው ላይ የቁርኣን ጥቅስ የተጻፈበት ጨርቅ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ የወተት ጣሳዎች ታጥበው ተደፍተዋል። ዳማ በሁለት እንጨት መካከል ታስራ ትቁነጠነጣለች። አቶ አራጌ ወገቧን ደባብሰው እንደ ዘመድ ስሟን ጠርተው አናገሯት። አስያ በፔርሙስ የያዘችውን ውሃ በሣህን አሰናዳች፤ አቶ አራጌ ክርናቸውን ነክረው "የሕፃን ገላ መታጠቢያ መሆን አለበት" እያሉ ቀዝቃዛ አስጨመሩ። ከዚያ ጋኑ ተከፈተ። ጭሱ በአንገቱ ላይ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ፈሰሰና የሰብሌን እግር ሸፈነው። ሽታ የለው፣ ሙቀት የለው። ሰብሌ ወደ ውስጥ አየች፤ ከሥር፣ ከጣት ጥልቀት የማይበልጥ፣ እንደ ንጹሕ ውሃ የሆነ ነገር።

"መጀመሪያ ወረንጦውን ንከሪ" አሉ አቶ አራጌ ዳማን እንደያዙ። "ካልቀዘቀዘ ያነሳሽውን ይገድለዋል።" ነከረችው። ፈሳሹ በወረንጦው ዙሪያ ለስለስ ብሎ ማጉረምረም ጀመረ፤ ከተጣደ ድስት ይልቅ የሚያንኮራፋ ሰው ይመስላል። ቆየችና ጸጥ ያለ መሰላት። ወረንጦውን ወደ ቱቦዎቹ ሰደደች። "ቆይ!" አሉ አባቷ። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው። "ገና አልበረደም። ይሄ ማታለያው ነው።"

"ዝም ብሏል'ኮ፣ አባባ።"

"አላለም። ትኩስ ነገር ሲገባበት መጀመሪያ እንፋሎት ይለብሳል። ያ ልብስ ብርዱ እንዳይነካው ይከላከልለታል፤ ለዚህ ነው ለስላሳ የሆነው። ልብሱ ሲቀደድ ትሰሚዋለሽ። ጠብቂ።"

ጠበቀች። አስያ በአፏ ዱዓ እያደረገች ነው። ጋጣው ውስጥ የዳማ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ወረንጦው ድንገት ጮኸ፤ ፈሳሹ ዙሪያውን ተንጫጫ፣ ተፍለቀለቀ፣ ጠብታዎች በአንገቱ ዘለው እጇ ላይ ወደቁና ሳያርሷት ተንከባለው ሄዱ። ሰብሌ ልትለቀው ነበር። "አይዞሽ፣ መጨረሻው ነው፤ አትልቀቂው" አሉ አቶ አራጌ። ጩኸቱ እንደመጣ ሄደ። አሁን በእውነት ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የአባቷ ድምፅ ዝቅ ብሎ "አሁን" አለ። ቱቦዋን አነሳች፣ አራገፈች፣ ሞቅ ያለው ውሃ ውስጥ ከተተች። እጇ አልቸኮለም። ከውሃው አውጥታ በጨርቅ አደረቀቻት፣ ጫፏን በመቀስ ቀንጥባ በዘንጉ ውስጥ አስገባች፤ አባቷ አንድ በአንድ እየነገሯት። ዘንጉን ከእጇ ሲቀበሉ ጣታቸው ጣቷን ነካ፤ የሷ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። "ጎበዝ" አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑት፤ ለሳቸው መጨፈንና መግለጥ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን እንደጨፈኑት ማንም አልጠየቃቸውም። ጓንት የለበሰ ግራ እጃቸው ዳማ ውስጥ እስከ ብብታቸው ጠፋ። ዳማ ወገቧን አጎበጠች፣ ተነፈሰች፣ ቆመች። ሥራው እንደተጀመረ አለቀ።

አቶ አራጌ ከጓሮ እጃቸውን ሲታጠቡ ሰብሌ ጋኑን ልትዘጋ ጎንበስ አለች። ሥሩ ደርቋል። የቀሩት ቱቦዎች እንደ ደረቀ ሣር ተኮልኩለዋል። ጆሮዋን አስጠጋች፤ ምንም የለም። እንባዋ መጣ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ። ልቅሶዋን ለመሸፈን ቅድም ራሷን ያስጨነቃትን ነገር አስያን ጠየቀቻት። "ንገሪኝ እስኪ አስያ፣ አባባ ጆሯቸው ከመቼ ወዲህ ነው የደከመው? ቅድም ኪዳን ያን ያህል ሲጮህ አልሰሙትም። እዚህ ደግሞ የወረንጦ ትንፋሽ ይሰማሉ።"

አስያ የዳማን ገመድ እየፈታች ቀና ብላ አየቻት። "ወላሂ አላወቅሽም?" አለች። "ጆሯቸው ምንም አልሆነም። ካንቺ ጋር ሲሆኑ ነው የማይሰሙት።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ልጅ ሆነን'ኮ ነው። ከትምህርት ቤት ሲወስዱን፣ እዚያው ገበያው አጠገብ፣ አንዱ 'ኮርማው' አላቸው፤ እሳቸው 'አቤት' አሉ። አንቺ መንገዱ ላይ ቁጭ ብለሽ 'አባባ፣ አቤት አይበሉ! ሁለተኛ አቤት አይበሉ!' እያልሽ አለቀስሽ። 'እሺ፣ ካንቺ ጋር ስሆን አልልም' ብለው አዘሉሽ። እኔ ቦርሳሽን ይዤ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካንቺ ጋር ሲሄዱ ሰማይ ቢጠራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን አንዴ ተጠርተው ሁለቴ አቤት ይላሉ። አገር ያውቀዋል። ኪዳን ራሱ ያውቃል፤ ሊያስቃቸው ነው የሚጣራው።" አስያ ገመዱን ሰቀለች። "አልረሱልሽም፣ ሰብሌ።"

ሰብሌ ረስታው ነበር። "እምቧ" የሚለውን ሳቅ በየዓመቱ ስታስታውስ፣ የገዛ ልቅሶዋን፣ ያዘላትን ጀርባ፣ የሱፍ ኮቱን የላም ሽታ ረስታው ነበር። አባቷ ግን ትልቅ ሰው ሆና፣ ተድራ፣ ወልዳ፣ ጠጉሯ ሽበት አውጥቶ ስትመጣ እንኳ የተናገሩትን ይዘው ኖረዋል። አቶ አራጌ እጃቸውን እያራገፉ ተመለሱ። "እንግዲህ አላህ ያውቃል፣ አስያ ልጄ" አሉ፤ የክርስቲያን አዛውንት ቢሆኑም እንደ ቤቱ አነጋገር። "ላሟ ዛሬ ልክ ላይ ነበረች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ካላገሳች ይዞላታል፤ ወንድምሽን እኔ ጋ ላኪው።" አስያ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከሏት።

በእግር ነው የተመለሱት። ባዶው ጋን ቀላል ስለሆነ ሰብሌ በአንድ እጇ ያዘችው፤ በሌላው አባቷን። "ለምን አልነገሩኝም?" ልትል ፈለገች፣ አልወጣላትም። እሳቸውም እየተሳሳቁ የሚያልፉትን ሰዎች ሰላምታ በስም እየመለሱ፣ የሽንኩርት ዋጋ እየጠየቁ ይሄዳሉ። ገበያው እየተበተነ ነበር። ፀጉር ቤቱ ጋ ሲደርሱ ኪዳን እንደለመደው በሩ ላይ ቆሟል።

"ኮርማው! ያዘላት?"

አቶ አራጌ ወደፊት እንዳዩ፣ ፊታቸው እንደ ግድግዳ፣ እርምጃቸውን ሳያጓድሉ ሄዱ። ሰብሌ ቆመች። ክንዳቸውን ስለያዘች እሳቸውም ቆሙ።

"አባባ" አለች፣ "እየጠሩዎት ነው።"

እሳቸው መንገዳቸውን ሊቀጥሉ ሲሉ ክንዳቸውን አልለቀቀችም።

"አቤት ይበሉ እንጂ።"

አቶ አራጌ የተጋረዱ ዓይኖቻቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ፤ ረዘም ላለ ጊዜ የሚያዩዋት መሰለ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ደረታቸውን ሞልተው፣ ገበያው ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ ጮኹ።

"አቤት!"